ሰማያዊው ጥለት

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ። ከለቅሶ ቤት ስንመለስ ነው። የልጄ ልጅ ሊዲያ ከኋላ ወንበር ሆና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለች፤ እናቷ እየነዳች ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ያ ጺማም ፈረንጅ ምን ቢላት ነው ትዕግስት እንደዚያ ያለቀሰችው? እያለች ነው» አለችኝ። ወንድሟም ጆሮው ውስጥ የሻጣትን ነገር አውጥቶ ጠበቀኝ። ረጅም ነው አልኳቸው። ከሴንት ፖል እስከ ቡርንስቪል ያለው መንገድ አይበቃውም። በመኪናው መንገድ ያልበቃውን እንግዲህ እዚህ ልጻፈው። ፊደል የለየሁት በሰው ቤት፣ የሰው ልጆች ሲያጠኑ ከጎናቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ የተሳሳትኩትን እለፉልኝ።

የሞተው አንጁሎ ነው። ልጆቹ ጋሽ አንጁሎ ይሉታል፤ እኔ በዕድሜ ስለምበልጠው አንጁሎ ብቻ እለው ነበር። የምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ እኛ ሁለተኛ ፎቅ ነን፣ እሱ ልክ ከእግራችን ሥር ነበር። አገሩ ዶርዜ ነው። አባቱ ሸማኔ፣ አያቱ ሸማኔ፣ እሱም ሽሮ ሜዳ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሃያ ምናምን ዓመት ሸማ ሠርቷል። ሚስቱ አገር ቤት ሳለ ሞታበታለች። ወደዚህ ያመጣችው አንዲት ልጁ ትዕግስት ናት፤ ሴንት ፖል ትኖራለች፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። አጭር ሰው ነበር፤ አንገቱ ከሥራው ብዛት ወደ ፊት የወጣ። የግራ ዓይኑ ልጅ ሳለ በእሾህ ጠፍታለች። ያለችው የቀኟ ብቻ ነበረች፤ ይቺን ያዙልኝ።

መጀመሪያ የተገናኘነው ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ከመኪና ማቆሚያው በዚያ ነው የሚገባው። የትራስ ልብስ አፉን ቋጥሮ በእጁ አንጠልጥሏል። ያገሬ ሰው መሆኑን ከፊቱ አየሁና፣

«ያቺን ብቻ ነው የምታጥበው? ና ከእኔ ጋር ጨምራት፤ ለአንድ ትራስ ልብስ ማሽን አይከፈትም» አልኩት።

«አይ እትዬ፣ ይቺ አትታጠብም» አለኝ።

ያን ጊዜ የትራስ ልብሱ ተንቀሳቀሰ።

ልብሴን ጥዬ እንዴት ደረጃውን እንደወጣሁ እግዜር ይወቅ። ጉልበቴን የሚያመኝ መሆኑን እንኳ ያስታወስኩት ከላይ ከደረስኩ በኋላ ነው። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ማንም የለም፤ ልብሴ ብቻ ደፉ ላይ ተቀምጧል። የልጆቹ ካልሲ ጥንድ ጥንድ ሆኗል። ነጠላዬን ሸማኔ እንደሚያጥፈው ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጎ አጥፎታል። እንደዚያ የታጠፈ ነጠላ ከመርካቶ ከወጣሁ አላየሁም ነበር። የነጠላው አስተጣጠፍ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውዬውን እንዳልሸሸው ያደረገኝ።

ሌላው ግን ሸሸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ባለ ዘንዶው» ነበር ስሙ። እጁን አትጨብጪ የሚሉኝ ነበሩ። አትፍረዱባቸው፤ እኛ ዘንዶ የምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ እግር ሥር ሲወጋው ነው። ይሄንኑ ብነግረው ሳቀ።

«እትዬ፣ ያ ሌላ ነው። ያ የየት አገር እንደሆነ እንኳ አይታወቅም፤ ሠዓሊው ጥለቱን አልሠራውም» አለኝ።

አላፌዘም። እውነቱን ነበር።

የሚሠራው ሌክ ስትሪት አካባቢ፣ ሪክ የሚባል ጺሙ ደረቱ የደረሰ ፈረንጅ ዘንዶ የሚያረባበት መጋዘን ውስጥ ነው። ኤጀንሲ ለጽዳት ልኮት ነው የገባው። ከእሱ በፊት ሁለት ሐበሾች ተልከው አንዱ ከበር ተመልሷል፣ አንዱ ግማሽ ቀን ሠርቷል። እሱም የመጀመሪያው ቀን መፍራቱን አልደበቀኝም። መስታወቶቹን እየወለወለ ሳለ ግን አንዷን አየ። አረንጓዴ ናት፤ እንጨት ላይ እንደ ፎጣ ተጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ከአንገት እስከ ጭራ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወርዷል።

«ጥለት ነው እትዬ» አለኝ። «ማን ሸመነው ብዬ ቆምኩ። ሪክ መጥቶ ትከሻዬን እስኪነካኝ ቆሜያለሁ። ፍርሃቱ የት እንደሄደ አላውቅም።»

እነዚህ ዘንዶዎች የመጡት እኔ በስም እንኳ ከማላውቃቸው ደሴቶች ነው። የምነግራችሁ ከእሱ የሰማሁትን ነው። ሲፈለፈሉ ቢጫ ወይ ቀይ ናቸው፤ እያደሩ ነው አረንጓዴ የሚሆኑት። ለእኔና ለእናንተ ከዚያ ወዲያ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለእሱ ግን አሩ ከሚባለው ደሴት የመጣችው ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ አላት፤ ቢያክ ከሚባለው የመጣችውን ቢጫው ጨርሶ አይለቃትም፤ ሶሮንግ ከሚባለው አገር የመጣችው ሰማያዊ ጥለት አላት። ቀሚስ አይተን ይሄ የጎንደር፣ ይሄ የራያ እንደምንለው ማለት ነው።

«አረንጓዴ ብለው አይለፉ» ይለኝ ነበር። ይሄ የዘወትር አባባሉ ነው። ሲለውም አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ያፋትጋል፤ ፈትል ጠንካራ መሆኑን እንደሚሞክር ሰው። ዘንዶ ሲያይ፣ ቀሚስ ሲያይ፣ ገበያ ሄደን ጎመን ሲመርጥ ሳይቀር ያቺ ጣቱ አታርፍም።

አንድ ዊንተር የመጋዘኑ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ከላይ ወርዶ ሳጥኖቹ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ሁሉ አጥቦ ወሰዳቸው። ዘንዶዎቹን በጥድፊያ ወደ ደረቁ ክፍል አዛወሯቸው፤ ግን የቷ የየት እንደሆነች የሚያውቅ ጠፋ። አገሯ ያልታወቀች ዘንዶ ደግሞ ለዘር አትሆንም አሉ፤ የሪክ የስንት ዓመት ልፋት መሬት ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው ጭንቅላቱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንጁሎ የወረቀቶቹን ጽሑፍ ድሮም ማንበብ አይችልም ነበር። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አንድ በአንድ እጁ ላይ እያወጣ «ይቺ እዚህ፣ ይቺ እዚያ» እያለ ለያቸው። ሁለቱን ብቻ ጥግ አስቀምጦ «እነዚህ ቅይጥ ናቸው» አለ። ሪክ ደብተሩን ቢያይ እውነትም ራሱ ያዳቀላቸው ሆኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፕሮፌሰር ነበር የሚለው። ያቺንም መጀመሪያ ቀን ያቆመችውን፣ ባለ ሰማያዊ ጥለቷን ሰጠው። እሱም ሙሽሪት አላት።

እኔ ሙሽሪትን የተለማመድኳት ቀስ ብዬ ነው። ልጄና ባሏ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቀኑ አይመሽልኝም። መጀመሪያ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት፤ ከዚያ ከሩቁ ወንበር፤ ኋላ ከቅርቡ ወንበር። የነካኋት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

«ምን ዓይነት አረንጓዴ ናት እትዬ?» ይለኛል።

«የጌሾ ቅጠል።»

«እርጥቡ ወይስ የደረቀው?»

«እርጥቡ።»

«ዛሬ በደንብ አላዩአትም። ሆዷ አካባቢስ?»

«ኧረ ተወኝ፤ እኔ ሆዷን ምን አገባኝ።»

እንዲህ እያለ ያስቀኛል። በኋላ እኔም ሳላውቀው ሱቅ ውስጥ ቃሪያ ይዤ የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው ሲያስተምራችሁ አይታወቃችሁም አንዳንዴ።

ከዚያ አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኳ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ይውረዱና ይዩልኝ። ሙሽሪት ጥለቷ ተቆርጧል።»

ወረድኩ። መስታወቱ ጋ ቀርቤ አየሁ። ሰማያዊው መስመር ከአንገቷ እስከ ጭራዋ እንደ ወትሮው ወርዷል።

«ሙሉ ነው» አልኩት።

«መሐሉ ላይ ጥቁር የለም?»

«የለም አንጁሎ፤ ሙሉ ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲያው የተቆረጠው የእኔ ነው» አለ።

ትዕግስት መጥታ በሩጫ ወሰደችው። ዶክተሩ የዓይኑ የኋላው ስስ ገበር ተላጧል አለ። ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ውስጡ አየር ይሞላበታል፤ ከዚያ አሥር ቀን በግንባሩ ተደፍቶ መተኛት አለበት፤ ከዚያም ለሳምንታት ጭጋግ ነው የሚያየው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ማየቱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ከቀረም መንገዱን ያያል እንጂ ጥቃቅኑን አይለይም አለ። ሌላ ዓይን የለውም እኮ። ትዕግስት እየነገረችኝ ታለቅሳለች፣ እሱ ይቀልዳል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሸማ ላይ ያጎነበስኩ ሰው፣ መድኃኒቴም ማጎንበስ ሆነ?»

ከዚያ ግን ቀልዱን ተወና እንዲህ አለን፤ ቃሉን አልረሳውም። «እነሱ ግድግዳ ላይ ፊደል ለጥፈው ነው የሚመረምሩት። ፊደላቸውን አላውቀው፣ ብገምትላቸው ምን ዋጋ አለው? እኔን በሙሽሪት መርምሩኝ። ጭጋጉ የለቀቀኝ ቀን ፊቷ አቁሙኝ። ጥለቷን ካየሁ ሥራዬ እመለሳለሁ። ካላየሁ ቁርጤን አውቃለሁ።»

ትዕግስት ቤቷ ወሰደችው። ሙሽሪትን ማጓጓዝ አይሆንም ተባለና ከእኔ ጋር ቀረች። ሥራዬ ትንሽ ነበር። ጠዋትና ማታ መስታወቱ ውስጥ ውሃ መርጨት፣ የምታሞቃት አምፖል አለመጥፋቷን ማየት። «ከሙቅ አገር ናት፤ ብርድ ነው የሚገድላት» ብሎኝ ነበር ሲሄድ። ይቺን ቃል ይዤ ቀረሁ።

በአራተኛው ቀን ያ ብርድ መጣ። የሚኒሶታ ሰው ሆናችሁ አታውቁትም አልልም፤ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ መኪና አልነሳ ያለበት ብርድ። እኔ ሁለት ጋቢ ደርቤ አልሞቀኝም። ከታች ብቻዋን መሆኗን አሰብኩ። ወረድኩና መስታወቱን በእጄ ብነካው ቀዘቀዘኝ። እንግዲህ ምን ልበላችሁ፤ አንድ ጋቢዬን አወለቅኩና በመስታወቱ ላይ፣ ከነአምፖሉ፣ ከላይ እስከ ታች ደረብኩላት። አይዞሽ ብያት ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ጋቢውን ስገልጥ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አየር መግቢያውን ሁሉ ሸፍኜባት ኖሯል። ከእንጨቷ ወርዳ መሬቱ ላይ ተዘርግታለች። ያን ቀን ነው የነካኋት። ሞታ እንኳ ገና ሙቅ ነበረች፤ ለስላሳ ናት፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሸካራ ትመስለኝ ነበር።

ትዕግስት ስትመጣ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እማማ፣ አሁን አንነግረውም» አለችኝ። «ተደፍቶ ነው ያለው። አታስለቅሱት፣ አታስደንግጡት ብለዋል።»

እኛ መርዶ ስንናገር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ለታመመ ሰው አይነገርም። ቀን ይጠበቅለታል፣ ሰው ይሰበሰብለታል። ለሰው የምናደርገውን ለዘንዶ አደረግነው፤ ለእኛ ግን ያው ነበር።

ሙሽሪትን በትራስ ልብስ አድርገን ሪክ ጋ ሄድን። ሪክ ጺሙን ይዞ አያት። ትዕግስት የጋቢውን ነገር ነግራው የምትመስላት እንዲሰጠን ለመነችው። ሰማያዊ ጥለት ያላት ሌላ አልነበረችውም። ያለችው ከአሩ የመጣች፣ ያቺን የምታህል፣ ያቺን የመሰለች አረንጓዴ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ግን በሰማያዊው ፈንታ ነጭ ነጥቦች ናቸው ያሉት። እሷን ሰጠን። ሲሰጠንም የሆነ ነገር አለ፤ ትዕግስት በመኪናው ውስጥ ነገረችኝ።

«ዓይኑ ካየ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይለያታል፤ አትሸውዱትም ነው ያለኝ።»

 ከዚያ፣ «ይለያት እማማ» አለችኝ። «ይለያትና ይሳደበን። ያኔ መርዶውንም እንነግረዋለን፣ እግሩንም እንስማለን።»

ከዚያ ወዲያ ጸሎቴ አንድ ነበር። አምላኬ፣ አስይዘን እያልኩ ነበር የምጸልየው። ሌባ እንዲያዝ ሲጸልይ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጭጋጉ ሳስቷል ብሎ በደወለ ማግስት ትዕግስት ወደ ቡርንስቪል አመጣችው። ጥቁር መነጽር አድርጓል። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ክንዱን ልይዘው ስል «እኔው እገባለሁ እትዬ» አለኝ። መስታወቱ ፊት ሄዶ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ካፖርቱን አላወለቀም፤ እሱን እያየሁ ነበር።

ጎንበስ አለ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መፋተግ ጀመሩ። ዘንዶዋ እንጨቷ ላይ ተጣጥፋ ተቀምጣለች። ትዕግስት እጄን ይዛ ትጠብቃለች። እስኪጮህብን እየጠበቅን ነው። ይቺ ማን ናት? የእኔዋስ? እንዲለን። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ጣቶቹ ቆሙ።

«ሙሽሪትዬ» አለ። «አይ ውበት። ሰማያዊ ጥለቷ ከበፊቱ ደምቆ የለም እንዴ? አየሽ ትዕግስት፣ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ።»

እዚያ ጀርባ ላይ ሰማያዊ የለም። አንድም።

ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ በደንብ ጠብቀው አቆይተውልኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ።

ትዕግስት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው፤ ለቅሶዋ እንዳይሰማ። እኔ «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ያሳዘነኝ ዓይኑ ብቻ አይደለም። ልጁ እንዳትሰበር ብሎ የድሮዋን ሙሽሪት ከልቡ እያወጣ መናገሩ ነው። ጥለቱን አያይም፤ ያየ መስሎ ቆሞልናል። እኛም አለማየቱን እያወቅን የማናውቅ መስለን ቆመናል።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው። ትዕግስት የመኪናውን ቁልፍ ደበቀችው። ከነዘንዶዋ ወደ ቤቷ አዛወረችው። ዶክተሩ በክትትል ቀን ተሻሽሏል፣ ትልልቁን ምልክት እየለየ ነው ሲላት፣ «አባቴን አላወቅኸውም፤ እኔን ደስ ለማሰኘት የማይለው የለም» አለችው በልቧ። ሪክ ጋ ደውላ አባቷ ወደ ሥራ እንደማይመለስ፣ ዓይኑ እንዳልሆነለት ነገረችው። ሪክ አዝናለሁ አለ፤ ብዙም አልጠየቀም። ብዙም ሳይቆይ መጋዘኑን ሸጦ ሞቃት አገር ገባ አሉ።

አንጁሎ መጀመሪያ ሰሞን ተሟገተ።

«አያለሁ እኮ» ይላል።

«አዎ አባዬ» ትለዋለች፣ በዚያ ለሕፃን በምንናገርበት ድምፅ።

«ታዲያ ቁልፌስ?»

«ዶክተሩ ገና ነው ብሏል አባዬ።»

አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ምን እንዳጠፋ እንዳልገባው ሰው ነበር የሚያየን። እያደር ተወው።

እሑድ እሑድ ልጄ እሱ ጋ ታደርሰኝ ነበር። በግቢው በረዶ ላይ ስንሄድ እጁን እይዘዋለሁ።

«በረዶውን አያለሁ እትዬ።»

«አውቃለሁ፤ እኔን ደግፈኝ ብዬ ነው።»

«እርስዎን ከሆነ እሺ» ይላል፣ ይስቃል፣ እጁን ይተውልኛል። ሥጋ እቆርጥለታለሁ። ሻይ ስሰጠው የሲኒውን ጆሮ በጣቱ አስይዘዋለሁ። ዝም ብሎ ያስይዛል።

አንድ እሑድ ታናሽ እህቴ መሞቷን የሰማሁ ሰሞን ሄድኩ። ለማንም እንዳይነግሩብኝ ብዬ ነበር፤ ሰውዬውን ማስጨነቅ አልፈለግሁም። ነጠላዬን ግን በወጉ፣ ጥለቱን ወደ አንገቴ ገልብጬ ነበር የለበስኩት። በሩን ከፍቶ ገና ደህና ነህ ወይ ሳልለው፣

«ማን ሞተብዎት?» አለኝ።

ትዕግስት ነግራው ይሆናል ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ። ትዕግስት እንዳልነገረችው ስሰማ ደግሞ ከአካሄዴ አውቆ ይሆናል አልኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ለማመን ምክንያት አያጣም።

መርዶውን ልነግረው ስንት ጊዜ ተነሳሁ። ጋቢውን፣ ሙቀቱን፣ ሁሉን። ትዕግስትን አማከርኳት።

«እማማ፣ ሙሽሪት ሞታለች ካልነው፣ ያን ቀን ሰማያዊ ጥለት አየሁ ሲል አለማየቱን ማወቃችንንም ነገርነው ማለት ነው» አለችኝ። «ያቺን ያህል ለእኔ ብሎ ተሸክሟታል። ልንነጥቀው ነው?»

 እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመት በዓመት ላይ ሄደ። እሱ መስኮቱ አጠገብ፣ ዘንዶዋ መስታወቷ ውስጥ። ዘንድሮ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ፣ ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ታጥቦ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ትዕግስት ከሥራ ስትገባ እንደተኛ መስሏት ጋቢ ደረበችለት።

አሁን ወደ ጺማሙ ፈረንጅ ልምጣላችሁ። ትዕግስት ደውላለት ነው፤ ከዚያ ሩቅ አገር በአውሮፕላን መጣ። ጫማ አውልቁ ሲባል አወለቀ፤ ፍራሹ ላይ ረጃጅም እግሮቹን እንዴት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ተቀመጠ። ኋላ ጥግ ያለውን መስታወት አየ። አረንጓዴዋ እንጨቷ ላይ ተጣጥፋለች።

«ያቺ የአሩዋ አለች ማለት ነው» አለ። ትዕግስት በአጠገቤ ሆና አንድ በአንድ ታስተረጉምልኛለች።

«ያመጣችሁለት ቀን ማታውኑ ደውሎልኝ ነበር» አለ። «በዚያች እንግሊዝኛው። ሪክ፣ ያመጡልኝ ከአሩ ናት፤ የእኔዋ እንዴት ሞተች? አለኝ። ነገርኩት። ጋቢ ደርበውላት ነው ስለው፣ በርዷት መስሏቸው ነው አለኝ። ከዚያ እንዳልነግራችሁ አስማለኝ። አሮጊቷ ታዝናለች፤ እኔ ሰማያዊውን ያየሁ መስዬ አልፌዋለሁ፣ አልነቁብኝም አለኝ።»

 ትዕግስት ለእኔ ማስተርጎሙን ትታ እሱን ጠየቀችው፤ በኋላ ነው የነገረችኝ። የአሩ መሆኗን ማን ነገረው? ነው ያለችው።

«ማንም አልነገረውም፤ አይቶ ነው እንጂ» አለ ሪክ፣ ጥያቄው ገርሞት። «ስለ ሥራው ስትደውይልኝ በጨዋ መንገድ ልታሳርፊው መስሎኝ ዝም አልኩ፤ የቤተሰብ ነገር ነው ብዬ። ያቺ ዓይን ምን ነበራት? ነጥቦቿን ሳይቀር ነበር በስልክ የቆጠረልኝ። ሰባት ናቸው፤ ሦስቱ ከአንገቷ ኋላ የተያያዙ።»

ትዕግስት ከፍራሹ ተነሳች። በለቀስተኛው መሐል አልፋ መስታወቱ ፊት ተንበረከከችና በጣቷ ቆጠረች። ሦስቱ ከአንገቷ ኋላ የተያያዙ ናቸው። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ወደ ጭራዋ አንድ። ሰባት ነበሩ።